የስግድ ሳምንት ደመወዝ

ኖያ ውድነህ ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። አልወረደም። መውረዱ ቀርቶ ጭራሽ ጨምሯል፤ ይኼ ደግሞ ሊሆን አይችልም።

የምትሠራው የእስራኤሏን ከተማ የናታንያንና የአካባቢዋን ፋብሪካዎች በሚከታተል ትንሽ የጥናት ቢሮ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ደመወዙን የሚቀበለው በወር ቢሆንም፣ ፋብሪካዎቹ የእያንዳንዱን ሳምንት የደመወዝ ድምር ለቢሮው ይልካሉ። ድምሩ ሲወርድ አካባቢው ሥራ ቀዝቅዞበታል፣ ሲወጣ ቀንቶታል ይባላል።

ኖያ የምታየው የፕላስቲክ ክዳን ፋብሪካ ድምር ግን በየዓመቱ በስግድ ሳምንት ይወርዳል። ከሠራተኞቹ እኩሌታው ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው፤ በዓሉን ሊያከብሩ ኢየሩሳሌም ሲወጡ ማሽኑ ይቆማል፣ በሰዓት የሚከፈላቸው ስለሆነም የዕለቱ ደመወዝ ይቀራል። አምና ከኖያ በፊት የነበረው ልጅ ይህን ሳያውቅ «ኢንዱስትሪው ተዳክሟል» ብሎ ጽፎ ቢሮውን መሳቂያ አድርጎት ነበር።

የቢሮው ኃላፊ ኦርኒት ከጀርባዋ መጥታ ስክሪኑን አየች።

«አባትሽ እዚያ ነው የሚሠራው፣ አይደል?»

«አዎ። ታዲያ?»

«ታዲያማ ቁጥሩ ከልክ በላይ አምሯል። ፋብሪካው ጥሩ እንዲመስል ብለሽ ነካክተሽው ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

የኖያ ፊት ጋለ። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ነው፤ ቁጥር ትፈጥራለች ተብላ ከወጣች በዚህ ሙያ ዳግመኛ የሚያምናት የለም።

«አጣርቼ ልምጣ» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

አባቷን ውድነህን ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ክዳኖቹን ካርቶን ውስጥ ሲሞላ አገኘችው።

«አባ፣ ለስግድ ሄዳችኋል ወይስ አልሄዳችሁም?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ሳንሰግድ እንቀራለን? የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

«ዳይ፣ በቃ አባ! እሱን በኋላ ትቆጣኛለህ። ማሽኑን ማን አሠራው?»

ውድነህ በአገጩ ወደ ፈረቃ አለቃው ጠቆማት። ሻሺ ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው።

«እኛ ነና!» አለ ሻሺ በዕብራይስጥ። «ከየፈረቃው ተጠራርተን ገባንላቸው። ባለቤቴማ ‹አንተ? ትርፍ ሰዓት?› ብላ አላመነችኝም።»

«ማን አዘዛችሁ?»

«ማን ያዘናል? ፋሲካ እንደወጣ፣ እኛ በሚሙና በዓላችን ቤታችን ጣፋጭ ስንበላ፣ አባትሽና ጓደኞቹ አይደሉም በእኛ ቦታ የሠሩልን? አልነገረሽም?»

ኖያ ዞራ አባቷን አየችው።

«ምኑ ይነገራል?» አለ ውድነህ። «ሰው በበዓሉማ ከቤቱ ይዋል እንጂ።» ካርቶኑን እየዘጋ ደግሞ፣ «እኛ እኮ በየዓመቱ ማሽን አቁመን ስንሄድ፣ ስንመለስ ጊዶን ምን ይለን ይሆን እያልን ነበር። እሱ የፋብሪካው ኃላፊ ነው፣ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ዘንድሮ ቄሶቹ ሲባርኩ ልቤም እዚያው ከጸሎቱ ጋር ነበር። እግዜር ይስጣቸው» አለ።

ነገሩ ለኖያ ወዲያው ገባት። የሄዱትን ሰዎች ሰዓት ሌሎች ሞልተውታል፤ ትርፍ ሰዓት ደግሞ ከመደበኛው በላይ ስለሚከፈል ድምሩ ከፍ ብሏል።

«ቶዳ፣ ሻሺ። የምሬን ነው የማመሰግንህ።»

«አንቺን ደግሞ ምን አደረግሁልሽ?»

«ሥራዬን አተረፍክልኝ። ቁጥሩን ፈጥረሻል ብለው ሊያባርሩኝ ነበር።»

«እንግዲያ ለሚሙና ቤቴ ትመጫለሽ። አባትሽንም ይዘሽ!»

ከጊዶን ላይ የሥራ ሰዓቱን ዝርዝር ተቀብላ ተመለሰች። ኦርኒት እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ታዲያ ዕድገት ነው ልበል?»

«አይ። ሥራው አልጨመረም፤ ሰዎቹ ተተካክተው ነው የሠሩት። ቁጥሩ እንዳለ ይቆይ፣ ምክንያቱ ከሥሩ ይጻፍ።»

ኦርኒት መነጽሯን አወለቀች። «በከንቱ ጠረጠርኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺው ጻፊው፣ ስምሽንም አስገቢበት፤ የሚጠይቅ ካለ አንቺን ይጠይቅ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሪፖርቱ የሚወጣው በኦርኒት ስም ብቻ ነበር።

ማምሻውን «ራማት የዲዲም» በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ ሳትደርስ አባቷ ደወለ።

«አባረሩሽ?»

«ኧረ አላባረሩኝም። ስሜ ሪፖርቱ ላይ ይወጣል።»

«ተመስገን! ነገ ለሻሺ እነግረዋለሁ።»

«እኔ ደውዬ ነግሬዋለሁ። የሚሙናውን ጥሪ እንዳትረሱ አለ።»

«እኔ እንዴት እሄዳለሁ? የዚያን ቀን በሱ ቦታ ሥራ የሚገባው ማን ሆነና? እኔው አይደለሁ?»

ኖያ መንገዱ ላይ ቆማ ሳቀች።

«እንግዲያ ያንተን ድርሻ እኔ እበላልሃለሁ።»