ጉጉቱ አሰልጣኝ

ተጫዋች ሳለሁ ስሜ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ሰው ጠልፌ ስጥል ብቻ ነበር። ተከላካይ ነበርኩ፤ ኳሱ ቢያመልጠኝ ሰውየው አያመልጠኝም። ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ አሰልጣኝ ሆንኩ። ሌላ ሙያ የለኝማ።

በኅዳር የትውልድ ከተማዬ ክለብ አባረረኝ። እኛ አገር የተባረረ አሰልጣኝ ውሉ እስኪያልቅ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የተካው ሰው ካልሆነለት፣ ያባረረው ፕሬዚዳንት ምንም እንዳልተፈጠረ መልሶ ይጠራዋል። ስለዚህ እሁድ እሁድ ስታዲየም እየሄድኩ ቡድናችን እንዲሸነፍ እጸልያለሁ። የከተማው ሰው ይህን አያጣውም፤ ሲያየኝ «ጉጉቱ መጣ» ይላል። እኔም ማሟረቴን ክጄ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ክለብ አይፈልገኝም፤ ያ ወንበር ካልተመለሰልኝ የሚቀረኝ ከሚስቴ ከሎሬዳና ጋር ቲማቲም ማጠጣት ነው። ቲማቲሙም በእኔ እጅ ይደርቃል።

በሚያዝያ አንድ እሁድ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ፕሬዚዳንታችን ፋንቲኒ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ባዶ ለባዶ ነበርን።

«ኔሎ፣ ሚርኮ ዛሬም ካላሸነፈ አሰናብተዋለሁ። ነገ ጠዋት ልምምዱን አንተ ታሠራለህ» አለኝ።

ሚርኮ የተካኝ ልጅ ነው። ክፉውን እንደማልመኝለት ነገርኩት።

«ተው እንጂ፣ ፊትህ እኮ ያሳብቅብሃል።»

ወዲያው ለሎሬዳና ደውዬ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ለተጋጣሚው በረኛ ስል እመቤታችንን ለመንኩ፤ የሰማችኝም መሰለኝ፤ አጥቂዎቻችን ግቡን ትተው ሰማዩን ሲመቱ ዋሉ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት አገኘን። ተከላካዮቹ በሙሉ ቅርቡ ቋሚ ጋ ተሰብስበዋል፤ ሩቁ ቋሚ ጋ ማንም የለም። በቴስታ መምታት ያስተማርኩት ያ ረጅሙ ኦሬስቴ ደግሞ መንጋው መሃል ተገትሯል። ዝም በል አልኩ ራሴን። ምላሴን ነከስኩ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ አይቶ ዝም ማለት ግን ያማል፤ በእውነት ያማል።

«ኦሬስቴ! ሩቁ ቋሚ ጋ ሂድ፣ አንተ ግንድ!»

ድምፄን ያውቀዋል፤ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ሮጠ። ኳሷ ግንባሩን ነክታ መረብ ውስጥ ገባች። ልብ ስገዛ ፋንቲኒ አንገት ላይ ተጠምጥሜ እጮሃለሁ። እሱ ቀስ ብሎ እጄን ከአንገቱ አላቀቀ።

«ኔሎ፣ በኅዳር ያባረርኩህ እኔ ነኝ። የዛሬውን በእኔ እንዳታሳብብ» አለኝ።

ቤት ስገባ ሎሬዳና የልምምድ ቱታዬን እየተኮሰች ነበር።

«አሸነፍን» አልኳት።

«እነማን?» አለችኝ።

ፊቴን አየት አድርጋ ካውያውን ነቀለችው።