ጉቦ የማይበላው ተቆጣጣሪ

ባሌ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ያጠራቀመውን ወሬ ሲመሽ እኔ ላይ ያራግፈዋል። «የዚህ አገር በሽታ ሌብነት አይደለም» ይላል፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተንጋሎ። «በሽታው ያለውና የሌለው ነው። አንዱን ሌባ ብታስሪ ሌላው ይተካል። ባለማሽኑ ግን ያው ባለማሽን ነው፣ አንቺም ያው አጣቢ።» እንዲህ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ሀብታም የትም አገር አለ፣ ምን አደርገዋለሁ? እኔን ያንገሸገሸኝ ሌባው ነው። ጠብቅ ተብሎ ደሞዝ እየበላ የሚጠብቀውን የሚሸጠው።

ሌባ የምለው ደግሞ በወሬ ሰምቼ አይደለም። የምሠራበት ላውንደሪ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ አጥቦ የሚተኩስ ነው። የሥራ ደኅንነት ሊቆጣጠር ከመንግሥት የሚላከውን ሰውዬ «ጎተራው» ነበር የምንለው። ማሽኖቹ ወዳሉበት ክፍል አንድ ቀን ዝር ብሎ አያውቅም፣ ሙቀቱ አይስማማውም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ምሳውን ይጠቀጥቃል፣ አፉን እኛ ባጠብነው ናፕኪን ይጠርጋል፣ ሲወጣ የመኪናው ኋላ በተተኮሰ ፎጣ ይሞላል። ፎጣውን የሚሸከምለት ማን ሆነና፣ እኛው ነን። «ተባረኩ ልጆቼ» ይለናል፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። ያን ጥርስ ባየሁ ቁጥር ፎጣውን እላዩ ላይ ልወረውርበት ይቃጣኛል።

ታናሽ እህቴም እዚያው ከእኔ ጋር ነበር የምትሠራው። ጎን ለጎን ቆመን፣ እርጥቡን አንሶላ ግራና ቀኝ ወጥረን ለትልቁ መተኮሻ እናጎርሰዋለን። መተኮሻው የጋሉ የብረት ሲሊንደሮች አሉት፤ አንሶላውን በመሃላቸው ስበው፣ አድርቀው በወዲያ በኩል ይተፉታል። ከፊታቸው አንድ ዘንግ አለ፣ እጅ ሲነካው ማሽኑ ቀጥ እንዲል የተሠራ። ጣጣው፣ የተጨማደደ አንሶላ ሲነካውም ቀጥ ይላል። በቆመ ቁጥር ሥራው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሥራው ካላለቀ ደግሞ ወደ ቤት መሄድ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ዘንጉን በብጣሽ አንሶላ ወደ ላይ አስረን ነበር የምንሠራው። እሰሩት ያለን የለም። አለቃችን ግን በየቀኑ ያየዋል፣ አይቶም ጣሪያ ጣሪያውን ይመለከታል።

የእህቴን እጅ ሲሊንደሩ የጎተተው ዘንጉ እንደዚያ ታስሮ ሳለ ነው። ስለ ጩኸቷ አላወራም። ሽታውን ግን ልናገረው፤ ሮጬ ማሽኑን እስካጠፋው ድረስ ክፍሉ በሙሉ የተጠበሰ ሥጋ ሸቷል። አለቃው መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «አንሶላውን አንሡት» የሚል ነው። ያ አንሶላ እንደገና ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ሆቴል ገባ። ሰው ተኝቶበታል።

ሐኪሞቹ ጣቶቿን ማትረፍ አልቻሉም። ድርጅቱ የሚያሳክማትና ካሳ የሚሰጣት ጥፋቱ የድርጅቱ ነው ከተባለ ብቻ ነው፤ ያን የሚለው ደግሞ ተቆጣጣሪው ነው። አለዚያ ያለ ቀኝ እጅ፣ ያለ ሥራ ትቀራለች። እኔም ጎተራው ምን እንደሚል አስቀድሜ ስለማውቀው ተስፋዬን ቆርጬ ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ጎተራው ተነሣ ተባለ። በቦታው የመጣው «ደረቁ» የሚሉት ነው። አንድ ዳቦ ቤት ሊቆጣጠር ሄዶ የቀረበለትን ውሃ እንኳ ሳይቀምስ በሩን አሽጎ ወጣ ብለው አወሩልን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «አሁን ታያለህ» አልኩት ባሌን። «ሌባው ሲሄድ ሁሉም መልክ ይይዛል።» እህቴ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። ከአደጋው ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ጠዋት አለቃው በበሩ አንገቱን አስግጎ «ዛሬ እንግዳ አለ» ብሎን ሄደ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኛ ደግሞ እንግዳ አለ ከተባልን አበቃ፣ የሚያስቆመን የለም። ወለሉን ፈተግነው፣ የቆሸሸውን ክምር ከዓይን አራቅን፣ ሽርጣችንን ቀየርን። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ የሆኑት፣ የተቀደደ የሚጠግኑት እማማ፣ መቀሳቸውን ይዘው ወደ መተኮሻው መጡ። «ይሄ ቡትቶ ምንድን ነው፣ ሰውየው ምን ይለናል» ብለው ዘንጉ የታሰረበትን ብጣሽ ቆርጠው ጣሉት። ብጣሹ በሙቀት ጠቁሯል፣ የእህቴም ደም ደርቆበታል። «እሰይ፣ ገላገሉን» አልኳቸው። ዘንጉንም ወለወልኩት፣ ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ።

ደረቁ እንዳሉት ሆኖ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፣ የሸሚዙ አንገትጌ ያለቀ። ሥራ አስኪያጁ ውሃ ቢያቀርብለት በእጁ መለሰው። ቢሮ አልገባም፣ በቀጥታ ወደ መተኮሻው ሄደና አስነሡት አለ። እጁን ዘርግቶ ዘንጉን ነካው። ማሽኑ ቀጥ አለ። ደግሞ ነካው፣ ደግሞ ቀጥ አለ።

«ይሠራል» አለ።

ምን እንዳደረግን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ጌታዬ፣ ታስሮ ነበር እኮ» አልኩት። «እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።»

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኛው ነን።»

«እሰሩት ያላችሁ ሰው አለ?»

አለቃዬን አየሁት። ጣሪያውን ያያል። «የለም» አልኩ፣ «ግን ካላሰርነው ሥራው አያልቅም፣ ሥራው ካላለቀ ደግሞ አያስወጡንም።»

«እሱ ከአሠሪያችሁ ጋር ያላችሁ ውል ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» አለኝ፣ በትሕትና። «መከላከያውን ሠራተኞቹ ራሳቸው ካሰሩት ሕጉ ድርጅቱን አይጠይቅም፣ ድርጅቱ እያየ እንደተወው ካላገኘሁ በቀር፤ እኔ ያገኘሁት ግን የሚሠራ ዘንግ ነው። አዝናለሁ እህቴ።»

ማዘኑን አልክድም፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ምን ያርግልኝ? ሥራ አስኪያጁ እስከ በር ሸኘው። አንድ ፎጣ እንኳ አልወጣበትም።

እውነቱን ልናገር፣ ጎተራው ናፈቀኝ። እሱን ቢሆን እኛም አዋጥተን እንገዛው ነበር። ያን ጥርስ ናፈቅሁ ብዬ ራሴን ታዘብኩት፣ ራሴን ጠላሁት።

ቤት ገብቼ የሆነውን ስናገር ባሌ ከተንጋለለበት ብድግ አለ። «አላልኩሽም?» አለ። «ሌባው ሄደ፣ ምን ተለወጠ? ሕጉን ያወጣው ማን ሆነና ነው።» ፊቱ በርቷል። ልክ ሊሆን ይችላል፣ ልክ መሆኑ ግን ይህን ያህል ደስ ሊለው አይገባም ነበር። የልጅቷ እጅ መግል ይዞ ፊቱ ተቀምጦ እሱ ክርክር ረታሁ ብሎ እጁን ያፋትጋል። «ዝም በል» አልኩት። «ሁለተኛ እንዳትናገረኝ።»

እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ዘንጉ ታስሮ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

«አጸዳነው።»

«ማን?»

«እማማ ቆረጡት፣ እኔ ወለወልኩት።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትተፋብኝም አልቀየማትም ነበር።

«ብጣሹ ላይ ደሜ ነበረበት አይደል?»

«አዎ።»

«እንኳን ጣላችሁት እቴ» አለች። «እንዴት ሰው ፊት እንደዚያ ሆኖ ይታያል? እኔም ብኖር እቆርጠው ነበር።»