የአይጦቹ ካርድ

ብልቃጡን ሳነሳው ቀለለኝ። ቆጠርኩት። ለወገቤ የታዘዘልኝ ማስታገሻ ነው፤ በቀን አንድ። ሰኞ ጠዋት ሃያ ነበር፤ ዛሬ ሐሙስ ጠዋት አስራ ሰባት መሆን ሲገባው ዘጠኝ! ታናሽ እህቴ ከዚሁ ክኒን ሱስ ከወጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። እናታችንንም የቀበርናት በዚሁ ሱስ ነው።

ቀኑ ደግሞ ክፉ ቀን ነው፤ አውቀዋለሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ስልሳ ሴት አይጦች እጠብቃለሁ። በየማለዳው ከእያንዳንዷ ናሙና ወስጄ በማይክሮስኮፕ አይቼ፣ ሆርሞኗ ከፍ ያለ ከሆነ ካርዷ ላይ ቀይ ምልክት አደርጋለሁ። አንደኛው ዘር በቀዩ ቀን ሱስ አስያዥ መድኃኒት የሚያወጣውን ፔዳል ሲረግጥ አያድርስ ነው! ሌላው ዘር ዞር ብሎም አያየው። ጥናቱን የሚመራው አለቃዬ ዶክተሩ፣ "ጂኑ አንጎል ውስጥ አድፍጦ ይቆያል፤ ሆርሞኑ ሲመጣ ይቀሰቅሰዋል" ይላል። "ሰው ላይ ግን ገና አላረጋገጥንም" ሲል ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ለእህቴም እንደ አይጦቹ ካርድ አዘጋጅቼ፣ የወር አበባዋን እየቆጠርኩ፣ ከቁም ሳጥኔ በር ጀርባ ለጠፍኩ። ዛሬ ቀይ ነው።

ሻይ እየጠጣች አገኘኋት።

"ክኒኔን የት አደረስሽው?"

"የምን ክኒን?"

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ! "ቀንሽ እንደሆነ አላውቅም መሰለሽ?"

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ካርዱን አይቼዋለሁ፣ እታለም። ከአይጦችሽ ጋር ደመርሽኝ አይደል?"

"ፈርቼ ነው! ለአንቺው ብዬ!" እጄ አመድ አፋሽ።

"ብልቃጡ የት ነው የሚውለው?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"ማታስ?"

"ትራሴ ስር።"

"ታዲያ እኔ በየት በኩል አገኘሁት?"

ቀናቱን በጣቴ ቆጠርኩ። ማክሰኞ ዶክተሩ ሲቆጣኝ ሁለት ጨምሬ ዋጥኩ። ትናንት አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ሁለት፤ ቤት ስገባ ደግሞ... ወገቤን እኮ አላመመኝም ነበር። ወይኔ ጉዴ!

እህቴ ተነስታ ካርዱን አመጣችው፤ ገልብጣ በባዶው ጀርባ ላይ "እታለም" ብላ ጻፈች።

"ያንቺስ የወር አበባ መቼ ነበር የመጣው?"

የስልሳ አይጥ ቀን በቃሌ የማውቀው እኔ የራሴን አላውቅም።

"እኔም እማዬም አንቺም አንድ ነን" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። "አምጪው።"

ልሰጣት ፈልጌ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ብልቃጡን ያዝኩት፤ እዚያው እንደያዝኩት ቀረሁ።