እጅጌዬ ላይ የቀረ ፎስፊን

…አዲስ መሥራት አያስፈልግም ይለኛል ደግሞ የቤተ ሙከራው አለቃዬ፣ ያለው ነጭ ዱቄት ለወሩ ይበቃል፣ ምን አስቸኮለሽ፣ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ያለፈው ብዙም ንጹሕ አልመሰለኝም እለዋለሁ፣ ውሸት፣ እንደዚያ ንጹሕ ሠርቼ አላውቅም። ሰኞም ማክሰኞም እሱኑ ዱቄት ስመዝንና ስመረምር ነው የዋልኩት፣ ምንም ሽታ የለው፣ ፎስፊን የሚሉት ፈሳሽ አንዴ ፕላቲነም ብረት ላይ ከተጣበቀ አይሸትም፣ ብቻውን ሲሆን ነው እንደ ነጭ ሽንኩርት፣ ኧረ እንደ ተበላሸ ነጭ ሽንኩርት የሚከረፋው። ብቻውን ሲሆን። እሺ ገባኝ፣ ዝም በይ፣ ለሁሉ ነገር ምሳሌ አትፈልጊ።

ሰኞ ማታ ንጹሕ ሆኜ፣ ምንም ሳልሸት ቤት ገባሁ። አባዬ ወንበሩ ላይ፣ ፊቴን አየኝ፣ ደህና አድርጎ አየኝ፣ ይቅርታ እመቤት፣ ማንን ፈልገው ነው? አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ። ማን ልበል? ፈገግ አለ፣ ለእንግዳ የሚያሳያትን ፈገግታ፣ ልጄን ከሆነ ሥራ ናት፣ ትመጣለች፣ ይቀመጡ፣ ስትመጣ ገና ከበሩ ትሸታለች። ምን ላድርግ፣ ተቀመጥኩ፣ ከአባቴ ጋር ራሴን ስጠብቅ አመሸሁ።

ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ፊቴን ከረሳው ቆይቷል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ሲያውቀኝ የከረመው በዚህ በፎስፊን ክርፋት ነው፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ አንቺ ልጅ ሂጂ ታጠቢ! ይለኝ ነበር፣ እኔም እነጫነጭ ነበር፣ ሞኝ። ማክሰኞም እንግዳ ሆንኩ። እናቴ የለች፣ ወንድም እህት የለኝ፣ በዚህች ምድር ላይ ልጄ የሚለኝ አንድ ሰው፣ እሱም ከበር ማዶ ያለችውን ሌላዋን ይጠብቃል።

ዛሬ ረቡዕ፣ ናይትሮጅን ጋዙ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ አየር ካገኘው ፎስፊኑ ይበላሻል፣ መርፌውን በጎማው ክዳን አስገባለሁ፣ ቀስ፣ ጠብታ፣ ጠብታ፣ ቀዩ የፕላቲነም ውሃ እየገረጣ፣ ነጩ ከታች እየዘቀጠ፣ ለአንድ ፕላቲነም ሁለት ፎስፊን፣ ልኩን ከሰጠሁት ሁሉንም ይዞ ያስቀራል፣ የሚተርፍ የለም፣ ጎበዝ ኬሚስት ማለት ምንም የማታስተርፍ ናት፣ እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ፣ ምን ዋጋ አለው።

መርፌው አሁን በረኪና ውስጥ መግባት አለበት፣ በረኪና ሽታውን ይገድለዋል፣ ፎስፊኑ ደግሞ መርዝ ነው፣ ጓንት! በረኪና! እያልኩ ተማሪዎቹን ቁም ስቅል የማሳየው እኔው ነኝ። እጄ በረኪናው ላይ ይቆማል። የሹራቤን እጅጌ ከጋዋኑ ሥር ሳብ፣ የመርፌውን ጫፍ ጠረግ። አንዴ። አበድሽ እንዴ? አዎ፣ ምን ይጠበስ።

ግን ይሽተት አይሽተት በምን አውቃለሁ፣ የእኔ አፍንጫ ለዚህ ሽታ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እጅጌዬን አሸታለሁ፣ ምንም፣ ሱፍ ሱፍ ይላል። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ ታመቻቻለች፣ አልሸተትኩም ማለት ነው፣ ዛሬም ማን ልበል ሊለኝ ነው፣ ቆይ፣ መስኮቱን ከፈተች። ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ። ይቅርታ፣ ትለኛለች፣ ብድግ ብላ ኋላ ትሄዳለች፣ ከፊቴ ያለው ሰውዬም ይከተላታል፣ ዙሪያዬ ባዶ ወንበር፣ እኔ መሐል ላይ ብቻዬን፣ ደስታው እንባ እንባ ይለኛል፣ ሰው ሲሸሸው ደስ የሚለው ፍጡር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቁልፉ። በሩ። ስትጠብቀው የዋለችው ጎረቤታችን አፍንጫዋን ይዛ እየሮጠች ትወጣለች፣ ደህና እደሪ እንኳን የለ። አባዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። አልናገርም። እዚሁ እቆማለሁ፣ አባዬ በናትህ፣ በናትህ። አንገቱ ቀና ይላል። ፊቱ ጭምድድ።

ኡፍ! አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ታጠቢ!

እሺ አባዬ፣ አሁን እታጠባለሁ፣ እላለሁ፣ አልታጠብም፣ ወንበር ስቤ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፣ እንባዬን በሌላኛው እጅጌ፣ እሱ አፍንጫውን ይዞ ይነጫነጫል፣ ይቆጣል፣ የት ጠፍተሽ ነው ደግሞ፣ አንዲት ሴትዮ እየመጣች ስትጠብቅሽ ታመሻለች፣ አንጀቴን በላችው፣ ሰው የላትም መሰለኝ።