ካንቺ አፍ ይስሙት

ደራሲዋ መጽሐፏን ይዛ በየከተማው ስትዞር ዓመት ሊሞላት ነው። በየአዳራሹ የምታወራው አንድ ነገር ነው፦ ሰው በዘሩ ተለይቶ እንዴት ይሸጥ እንደነበር፣ መሸጡ በሕግ ከቀረ በኋላም ስሙ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ በጋብቻው፣ በሹመቱ፣ በምርጫው ሳይቀር እንዴት እንደሚሠራ። አንዳንዱ ያጨበጭብላታል፣ አንዳንዱ ይሰድባታል። ሁለቱንም ለምዳዋለች። ያልለመደችው የታላቅ እህቷን ዝምታ ነው።

እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት ትንሿን ያሳደገቻት፣ በስፌት መኪናዋ ያስተማረቻት እሷ ናት። መጽሐፉ የወጣ ሰሞን አንዴ ብቻ ደውላ ነበር።

«ሴት አያታችን የተገዛች ነበረች ብለሽ ጽፈሻል?»

«እውነት ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እውነት መሆኑን መች አጣሁት! እኔ ግን ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለችኝ። አንቺ ጽፈሽ ትሄጃለሽ፤ ከሰፈሩ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። ደራሲዋ የእህቷ ልጅ መታጨቷን እንኳ የሰማችው ከራሷ ከልጅቷ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በተወለደችበት ከተማ እንድትናገር ተጠራች። ቦታው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ማንበቢያ ክፍል ነው። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ማይኩ ሲጠጉት ያፏጫል፣ ሲርቁት ዝም ይላል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መሬት መሬቱን እያየ አጠር ያለ ማስተዋወቂያ ተናገረና ቦታውን ለቀቀላት።

ጥቂት እንደተናገረች በሩ ተከፈተ። እህቷ ነበረች። ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ልጇና የልጇ እጮኛ ተከትለዋታል፤ ከነሱ ኋላ አንድ ደረተ ሰፊ ሰውዬና ነጠላ ጫማ ያደረጉ ጠና ያሉ ሴት ገቡ። ደራሲዋ ለመገመት አልተቸገረችም። የልጁ አባትና አክስቱ ናቸው።

በየንግግሯ መሃል ስለ አያቷ የጻፈችውን አንድ ገጽ ታነባለች። ሰሚው ስልኩን ኪሱ የሚከተው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ግን ገጹ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ እህቷን አየቻትና ገለበጠችው። ስለ ድሮ ፍርድ ቤቶች፣ ነፃ የወጡ ሰዎች መሬት ሲጠይቁ ስለተሰጣቸው መልስ ተናግራ ጨረሰች። ንግግሩ መጥፎ አልነበረም፤ ጨው ግን አነሰው። ራሷም ታውቋታል።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከፊት የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ሰው ተነሣ። «ሰላም ባገኘንበት ሰዓት ይህን ሁሉ መቆስቆስ ሕዝቡን መከፋፈል አይሆንም?»

«መከፋፈሉን እኔ አላመጣሁትም» አለች ደራሲዋ። «የማን ልጅ ለማን እንደማይዳር እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። የምናውቀውን ጮክ ብለን እንናገረው ነው ያልኩት።»

ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ተቀመጠ። ያኔ ከኋላ ወንበር የእህቷ እጅ ወጣ።

«አንድ ገጽ ዘለሻል» አለች እህቷ ቆማ። ማይክ እስኪመጣላት አልጠበቀችም። «ስለ አያታችን ያለውን።»

«ዘልያለሁ፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«አንቺ ስላለሽ።»

«እኔማ እሱን ብዬ ነው የመጣሁት። እነዚህ ሰዎች ልጄን ለልጃቸው ጠይቀዋል። ነገ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ዛሬ ካንቺ አፍ ይስሙት። አንብቢው።»

ደራሲዋ አነበበች።

«አያቴን የገዛት ሰው ክፉ አልነበረም ይላሉ። አይመታትም ነበር። ስሟን ግን ለወጠው። ልጆቹ ሲማሩ ከበር ውጭ ቆማ ጫማቸውን ትጠብቅ ነበር። ነፃ ናችሁ ሲባል የምትሄድበት አልነበራትምና እዚያው ቆየች። በተጠራች ቁጥር ትሮጥ ነበር፤ ጉልበቷ ከደከመ በኋላም ትሮጥ ነበር። እኛ የልጅ ልጆቿ ቀስ ብላ ስትራመድ ያየናት ያ ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው።»

አክስቲቱ ቦርሳቸውን አነሡ። ማንንም ሳያዩ በወንበሮቹ መሃል አልፈው ወጡ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። የእህቷ ልጅ አንገቷን ደፋች፤ እጮኛዋ እጇን ያዛት። ደረተ ሰፊው ሰውዬ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ቆይቶ ተነሣ።

«እኔ ጋራዥ ነው ያለኝ፤ ንግግር አልችልበትም» አለ። «ግን የሴትዮዋ የመጀመሪያ ስም ማን ነበር?»

«አላውቅም» አለች ደራሲዋ። «ስንጠይቃት ረሳሁት ትለን ነበር።»

«አልረሳችውም» አለች እህቷ ከተቀመጠችበት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለብቻዬ ስጠይቃት፣ ‹እሱ እንኳ ለራሴ ይቅርልኝ› ነው ያለችኝ።»

ደራሲዋ ይህን ሰምታ አታውቅም።

«ደግ አደረገች» አለ ባለ ጋራዡና ተቀመጠ።

ሰው ሲበተን እህትማማቾቹ ደረጃው ላይ ተገናኙ።

«እትዬ፣ ጋብቻው ቢፈርስስ?»

«ቢፈርስ ይፈርሳል። ልጁ ከጥንቱም ያውቃል፤ ልጄ ገና ሲተዋወቁ ነግራዋለች። ዘመዶቹን ነው የፈራሁት። ወልዳ ከብዳ፣ በሆነ ጭቅጭቅ መሃል አንዱ ብድግ ብሎ ፊቷ ላይ ከሚጥለው አሁን ይለይለት ብዬ ነው። ደግሞ ምክሩ የኔ እንዳይመስልሽ፤ የሷው የልጅቷ ነው። እኔማ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ባለ ጋራዡ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደነሱ መጣ። «እህቴን አትቀየሟት» አለ። «እኛ ቤት ያደግነው እንዲህ ያለውን ነገር በሹክሹክታ እየሰማን ነው። እኔም ብሆን ስሰማው ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ልጄን አየሁት፤ እጇን አልለቀቀም። ሠርጉ እንደታሰበው ነው። እህቴ ከመጣች እሰየው፤ ካልመጣች የሷን ድርሻ እኔ እበላላታለሁ።»

እህቷ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። ሰውዬው ይህን ሲያይ ደንግጦ ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «አያትየዋ የሁለታችንም ናት። ሳትጠይቂኝ ነው የጻፍሽው።»

«ልክ ነሽ።»

«‹ልክ ነሽ› አትበይኝ። ሻንጣሽን አምጪና ቤት እንሂድ፤ ልጅቷ ቀድማን ሄዳ እየጠበቀችን ነው።»

አክስቲቱ ሠርጉ ላይ አልተገኙም። ሙሽሪት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ግን ሳይጠሩ መጡ። እጃቸውን ታጥበው ሕፃኗን ተቀበሉ፣ አቅፈው ብዙ ቆዩ። ስለዚያ ቅዳሜ ምንም አላሉም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ሊሄዱ ሲነሡ ግን ልብስ ሰፊዋን ወደ ጎን ጠሩና መጽሐፉ አሁንም ይገኝ እንደሆነ ጠየቋት።