የአራሷ ጆሮ

ብርነሽ በገዛ ልጇ ቤት፣ በገዛ እጇ ጭቃ በመረገችው ግድግዳ ሥር፣ እንደ እንግዳ ጥግ ይዛ ከተቀመጠች አምስት ቀኗ ነው። ምራቷ ትዕግሥት ጤና ጣቢያ ወልዳ በተመለሰች ዕለት የትዕግሥት እናት ፈንታነሽ ከአንበሳሜ በሚኒባስ ደረሰች፤ ቅቤዋን በቅል፣ ምርቃቷን በአፏ ይዛ። ከዚያ ወዲያ መጋረጃውን ገልጦ ወደ አራሷ መግባት የፈንታነሽ ብቻ ሆነ። ገንፎው የእርሷ፣ ሕፃኑን ማጠቡ የእርሷ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገብቶ ሲወጣ የሚያሞግሰው እርሷን ነው።

«እንዲህ ያለች እናት ለሁሉም ይስጥ!»

«ሰባት ወልጄ ገንፎ ማገንፋት ሳላውቅ ቀርቼ ነው?» ትላለች ብርነሽ በሆዷ። ይባስ ብሎ ልጇ ዋልልኝ፣ ጡቷን ጠብቶ ያደገው፣ ከገብስ አጨዳ ሲገባ «እማማ ፈንታነሽ፣ ደከማችሁ እኮ» ሲል ሰማችው። የወለደችውን ግን «እንዴት ዋልሽ» እንኳ አላላትም።

ሥራውን ለተነጠቀ ሰው የሚቀረው ዓይኑ ነው። ብርነሽም ቁጭ ብላ የፈንታነሽን ጥፋት ትለቅም ጀመር። ገንፎው ሳይነካ ተመለሰ። «ጨው በዝቶበት ነው» አለች፣ ደስ እያላት። አጥሚቱም ሳይቀመስ ተመለሰ። ፖፖው ከትናንት ጀምሮ ደረቅ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የሚመጣው ሽታ ደግሞ የአራስ ሽታ አይደለም፤ የከረመ ሥጋ ሽታ ነው። «ልብሷን እንኳ አትለውጥላትም፣ ይች ባለሞያ!»

ረፋድ ላይ አራሷ ጥርሷ እስኪጋጭ ተንቀጠቀጠች።

«ምች ነው» አለች ፈንታነሽ። «ትናንት ከጓሮ ስትወጣ ፀሐይ መትቷት ነው።» ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ደራረበችባት። «ላብ ከወጣት ይለቃታል።»

ላቡ አልመጣም። ትንፋሿ የጉናን ተራራ እንደሚወጣ ሰው ተጣደፈ። «አልማዝ! አልማዝ፣ በሬዎቹን መልሻቸው» አለች አራሷ። በቤቱ አልማዝ የሚባል ሰው የለም፤ በሬዎቹም ከበረት ናቸው።

ብርነሽ ለቀማዋን ተወች። «ብናገር ቀናች ይሉኛል» አለች በልቧ። «ዝም ብል ግን የምታፍረው ፈንታነሽ ናት።» ይህን ባሰበች ጊዜ ራሷን ተጸየፈች። ከበርጩማው ዘላ ተነሣች፤ መጋረጃውን ገልጣ የምራቷን ጆሮ ጨበጠች።

«እትዬ ብርነሽ! ምን ሆናችሁ? አራስ ላይ እንዲህ ይገባል?»

«ጆሮዋ በረዶ ነው።»

«ምን አላችሁ?»

«ደረቷ እሳት፣ ጆሮዋ በረዶ። ላም ወልዳ የእንግዴ ልጁ ሲቀርባት እንዲህ ናት። ትገማለች፣ መኖ ትተዋለች፣ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ አታድርም።»

«ልጄን ከላም ጋር!»

«ላም ብትሆንማ ጠዋት ሐኪም ተጠርቶላት ነበር!»

ጩኸቱን ሰምቶ ዋልልኝ ማጭዱን እንደያዘ ገባ። «እማ፣ ተይ እንጅ። አገር ያወቀው ነው፤ ቀንተሽ ነው።»

«አዎ፣ ቀንቻለሁ!» አለች ብርነሽ። «አምስት ቀን ሙሉ አንጀቴ አሯል። ቅናቴን እኔ እሸከመዋለሁ፤ አንተ ሚስትህን ተሸከም። ና፣ እጇን ያዝ!»

ያዘው። እጇ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ጥፍሯ ጠቁሯል። ማጭዱን ከመሬት ጥሎ ሚስቱን ሊያነሣት ጎነበሰ።

ፈንታነሽ በሩን ዘጋች። «አራስ በአምስት ቀኗ ከቤት አትወጣም! ነፋስ ይመታታል፣ ሰይጣን ይለክፋታል!»

«ከመቃብር የደጅ ነፋስ ይሻላል። ብረት ካስፈለገሽ ያንን ማጭድ አስይዣት። ዞር በይ!»

ባጃጅ ተጠርቶ፣ አራሷ በጋቢ ተጠቅልላ፣ ሁለቱ እናቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት፣ ዋልልኝ ሕፃኑን ታቅፎ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ደረሱ። ነርሷ እንዳየቻት አልጋውን እየገፋች ሮጠች። ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጧት፣ ማህፀኗንም ጠረጉላት።

ከሰዓታት በኋላ ነርሷ ወጣች። «ከውስጧ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ መርቅዞ መርዙ ወደ ደሟ ገብቷል። እስከ ነገ ብትቆይ አታገኟትም ነበር። አራስ ስትንቀጠቀጥ፣ ስትቃዥ፣ ሽንቷ ሲቆም ምች ነው ብላችሁ አትቀመጡ።» ከዚያ ወደምታለቅሰው ወደ ፈንታነሽ ዞራ ትከሻዋን መታ መታ አደረገች። «እናት ጎበዝ ናት፤ በጊዜ ደረሳችሁ።»

ፈንታነሽ አንገቷን ደፋች፤ «እኔ አይደለሁም» አላለችም። ብርነሽ ጋቢውን ሰብስባ ወደ አራሷ ገባች።

ትዕግሥት በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ከራስጌዋ የነበረችው ብርነሽ ናት። «ምን ልስጥሽ፣ ልጄ?»

«እናቴስ?»

ይች ቃል ከጉበቷ ላይ አረፈች። ብርነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ግቢው ወጣች። ፈንታነሽ ሕፃኑን ታቅፋ ከዛፍ ሥር ተቀምጣለች።

«ተነሽ፤ ትጠራሻለች።»

«ደኅና ናት?»

«አንችን ከጠራች ምን ትሆናለች!» ብርነሽ እጇን ዘረጋች። «ልጁን ወዲህ በይ። እርሱንማ ዛሬ አልሰጥሽም።»