የገመዱ ወበቅ

ባሌ አደም የማሽላ ማከማቻ ጉድጓድ ከቆፈረ አንዲት ፍሬ አትሻግትም። ይህን የሚለው ራሱ ነው፤ እውነቱን ነው ደግሞ። ያን ጊዜ ከሚሴ ላይ መብራት ገና ብርቅ ነው። ነጋዴው አቶ ሣህሌ ከሞተር ቤቱ እስከ ወፍጮው የኤሌክትሪክ ገመድ በግቢያችን ሥር ሊያሳልፍ ሲነሳ፣ ቁፋሮውን ለአደም ሰጠው። ቦዩ የማሽላ ጉድጓዳችንን አፍ ታክኮ ያልፋል።

ገመዱን የዘረጋው የደሴው ባለሙያ ባንተይርጋ፣ «አያ አደም፣ የወጣውን አፈር ብቻ መልሰው ይጠቅጥቁት» ብሎ ወደ ባቲ ወረደ።

የኔ ጉድ ግን ልክ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀብረው ማሽላ ገመዱን ከታችም ከላይም በገለባ ሸፈነው።

«ዺሲ! ተው! የተባልከውን አድርግ» አልኩት።

«ራቁቱን ቀብሬው እርጥበት ይብላው? ሰው ምን ይለኛል?»

ሞተሩ በተነሳ ሰሞን ዶሮዎቼ ቦዩ ላይ እየሄዱ ይተኙ ጀመር። መሬቱን ብነካው ይሞቃል። አደም «አየሽ እንዴት እንደደረቀ!» ብሎ ኮራ። ኧረ እቴ!

በገበያ ቀን ወፍጮው ቀጥ አለ፤ ግቢያችን ጨሰ። ከባቲ የተመለሰው ባንተይርጋ ሞተሩን አስጠፍቶ ቦዩን ሲከፍት ገመዱ ቀልጧል፤ ረመጡም በገለባው ውስጥ እየሄደ ጉድጓዳችን አፍ ደርሷል።

«ገመድ ሥራ ላይ ሲሆን ይግላል» አለ ባንተይርጋ። «የተጠቀጠቀ አፈር ሙቀቱን ይወስድለታል። ገለባ ግን አፍኖ ይይዘዋል።»

አደም መች ሰማው! የዓመት ቀለባችን ነው እዚያ ውስጥ ያለው። ረመጡን በውሃ አጥፍቶ፣ ክዳኑን ነቅሎ፣ ሊገባ እግሩን ሰደደ።

ዘልዬ ያዝኩት። ወንድሜ ዑመር እንዲሁ ቸኩሎ ጉድጓድ ገብቶ ሬሳው ነው የወጣው። ጉድጓድ ተከፍቶ ወበቁ፣ ውስጡ የታፈነው ገዳይ አየር፣ ሳይወጣ ሰው አይገባበትም፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ለሰው ሁሉ የሚናገረው ራሱ አደም ነበር።

«ማሽላው!» ይላል።

«ገደል ይግባ! ወበቁ ይውጣ የምትለው አንተው አይደለህ? ወላሂ፣ ከገባህ ተከትዬህ ነው የምገባው!»

ያኔ ተቀመጠ። የከሰለውን ገለባ ጨብጦ ገመዱን ሲያይ ቆየና፣ «ወበቁን ያፈንኩት እኔው ነኝ» አለ። አንጀቴን በላው።

ወበቁ መውጣቱን ለማየት ፋኖስ አውርደን ሳይጠፋ ሲመለስ፣ ቢስሚላህ ብሎ ገባ። ማሽላው ተርፏል፤ ጭስ ግን ጠጥቷል። አዲሱንም ገመድ አደም በአፈር ብቻ ጠቅጥቆ ቀበረው።

ዓመቱን ሙሉ እንጀራችን ጭስ ጭስ አለ። አደም በቆረሰ ቁጥር ያቀረቅራል።

«ብላ» እለዋለሁ፤ «የሚበላው ሰው ካለልኝ ጭሱ ምን ገዶኝ!»